ባለአንድ ቀዳዳ ኢንጀክተርን በባለብዙ ቀዳዳ እንዴት እንቀይራለን

መጀመሪያ ኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ዕቃ) የቀየርኩ ቀን መኪናው ከበፊቱ ባሰበት። ቤንዚን ይሸታል፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሲዞር) ይንቀጠቀጣል፣ መብራት ላይ ስቆም ይጠፋብኛል። ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም። ሳልለካ የገዛሁትም፣ ሳልቀባ የገጠምኩትም እኔው ነኝ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

ልዩነቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። የድሮው ኢንጀክተር ጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው መሀል ቀጭን መርፌ ብቅ ይላል። መርፌው ብድግ ሲል ቤንዚኑ በዙሪያው ይረጫል። ችግሩ ጠብታው ወፍራም ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ጫፉ ላይ የቀረችው ቤንዚን በሙቀቱ ደርቃ መርፌው ላይ ትጋገራለች፤ ከዚያ በኋላ አረጫጨቱ ይንሻፈፋል። በአዲሱ ዲዛይን ቤንዚኑ የሚወጣው በስስ የብረት ሳህን በኩል ነው። ሳህኑ ላይ 4፣ አንዳንዴም እስከ 12 ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉ። ቤንዚኑ ደቆ ስለሚወጣ ቶሎ ይተናል፤ ቀዝቃዛ ሞተርም ያለ ብዙ ማጉረምረም ይነሳል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ። የማወራው ቤንዚን ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው ቱቦ) ውስጥ ስለሚረጩ ሞተሮች ብቻ ነው፤ ግፊታቸው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ባር ነው። ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ከሆነ እስከ 200 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ኮመን ሬይል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ 2000 ባር ድረስ ይሄዳል። በዚያ ግፊት የወጣ ነዳጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ውጊያ ቢመስልም ባስቸኳይ ሐኪም የሚያየው ጉዳት ነው። እነሱን ለባለሙያ ተዉ።

ከመግዛት በፊት

ቀዳዳው በዛ ማለት ቤንዚኑ በዛ ማለት አይደለም። እኔ ግን «ትንሽ ከፍ ያለውን ልውሰድ፣ ጉልበት ይጨምራል» ብዬ ትልቁን ገዛሁ። የሞተሩ ኮምፒዩተር ኢንጀክተሩ እንደተቀየረ ከየት ያውቃል? በለመደው ሰዓት ይከፍታል፣ በለመደው ሰዓት ይዘጋል። በዚያችው ጊዜ ውስጥ ብዙ ቤንዚን ይገባል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ኮምፒዩተሩን የሚያስተካክልላችሁ ሰው ከሌለ ፍሰቱ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን።

ፍሰቱ በደቂቃ ስንት ሲሲ (ሚሊሊትር) ተብሎ ይጻፋል። ከቁጥሩ አጠገብ የተለካበትን ግፊት ካላያችሁ አትግዙ። አንዱ በ3 ባር፣ ሌላው በ4 ባር ተለክቶ ቁጥራቸው አንድ ቢሆን ኢንጀክተሮቹ አንድ አይደሉም። ግፊቱ ከ3 ወደ 4 ሲያድግ የዚያው ኢንጀክተር ፍሰት በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚዘልላት ደግሞ የመከፈቻ መዘግየት ናት። ኢንጀክተር ኤሌክትሪክ እንደደረሰው ቶሎ አይከፈትም፤ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያንገራግራል። ባትሪው ሲደክም ይብስበታል። ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ኢንጀክተሩ በአንድ ዙር ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ የ0.3 ልዩነት አይሰማም። ሚኒሞ ላይ ግን ጠቅላላው ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊሰከንድ ነው። ያችው 0.3 እዚህ ላይ ትልቅ ናት። ያልተዛመደ ኢንጀክተር መንገድ ላይ ጨዋ ሆኖ ሲቆም የሚያሳፍራችሁ ለዚህ ነው። ስለዚህ የመዘግየቱን ሰንጠረዥ የማይሰጥ ሻጭ እኔን አያሳምነኝም።

በቴስተር የሁለቱን ፒኖች ኦም ለኩ። 12 እስከ 16 ከሆነ ከፍተኛ ኦም ነው፣ አብዛኛው መኪና የሚጠቀመው ይህንን ነው። 2 ወይም 3 ካሳየ ዝቅተኛ ኦም ነው፤ ለከፍተኛው በተሠራ ኮምፒዩተር ላይ ከሰካችሁት ኮምፒዩተሩን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ቁመቱን፣ የኦሪንጉን (ማፍሰስ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት) ውፍረትና የሶኬቱን ቅርጽ ከድሮው ጎን አስተያዩ። ሶኬቱ ካልገጠመ ማስማሚያ አለ፤ እኔ አልወደውም፣ ግን «ቀጭ» ብሎ የሚቆለፍ ከሆነ ይሠራል።

ግፊቱን ማስታገስና መንቀል

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጡና ሞተሩን አስነሱት፤ የቀረችውን ቤንዚን ጨርሶ ይጠፋል። አንዴ ደግማችሁ ለጥቂት ሰከንድ አዙሩት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የእሳት ማጥፊያ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ሲጋራ አጫሽ ጓደኛ ለዛሬ ይቅርባችሁ።

ከመንቀላችሁ በፊት በየኢንጀክተሩ ሥር ያለውን አፈር በብሩሽና በአየር አጽዱ። ካልጸዳ ኢንጀክተሩ ሲወጣ አፈሩ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ሶኬቶቹን አላቅቁ፣ ሬይሉን (ቤንዚን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለውን ቧንቧ) የያዙትን ብሎኖች ፍቱ፣ ሬይሉን ከነኢንጀክተሮቹ በሁለት እጅ ቀና አድርጋችሁ እያወዛወዛችሁ ሳቡት። ጨርቅ ከሥር አድርጉ፣ ትንሽ ቤንዚን መውረዱ አይቀርም። በፒንሳ ጨብጣችሁ አትጠምዝዙ፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ኢንጀክተሩን ከሬይሉ ጋር የያዘች ትንሽ የሽቦ ክሊፕ አለች፤ ስትወጣ ትበራለች፣ በሌላ እጃችሁ ጋርዷት።

ኦሪንጉ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ኦሪንግ አለው። የላዩ ቤንዚን ይይዛል፤ ቢያፈስ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሳት ነው። የታቹ አየር ይይዛል፤ ቢያፈስ ኮምፒዩተሩ ያልቆጠረው አየር ይገባና ሚኒሞው ይወጣል ይወርዳል። አንዳንድ ኢንጀክተር ላይ ሁለቱ በመጠን ወይም በቀለም ይለያያሉ፤ አቀያይራችሁ እንዳትገጥሙ።

እኔ ያን ቀን በደረቁ ገጠምኩ። አልገባ ሲለኝ በመዳፌ ተጫንኩት። «ጥርቅ» ብሎ ገባ፣ ደስ አለኝ። ቁልፉን ስከፍት ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ቤንዚን ኩልል ብሎ ወረደ። አውጥቼ ሳየው ሬይሉ አፍ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ጥቁር ጎማ ተለጥፋለች። የኦሪንጉን ጠርዝ ልክ እንደ ምላጭ ቀድቶታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ባይሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። አሮጌ ኦሪንግ ደህና ቢመስልም እጥላለሁ፤ አዲሱ ለቤንዚን የተሠራ ይሁን፣ የውኃ ቧንቧ ጎማ በቤንዚን ያብጣል። የሬይሉን አፍና የማኒፎልዱን ቀዳዳ በጣቴ እዳስሳለሁ፤ የሚቧጥጥ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለ አጸዳለሁ። ኦሪንጉን በንጹሕ የሞተር ዘይት ስስ አድርጌ እቀባለሁ። የኢንጀክተሩን ጫፍ ግን ዘይት አላስነካም። መጀመሪያ ኢንጀክተሮቹን ሬይሉ ላይ፣ ግራና ቀኝ በትንሹ እያሽከረከርኩ አስገባለሁ። በትክክል የገባ ኢንጀክተር በሁለት ጣት ሲዞር ለስለስ ብሎ ይዞራል። የሚይዝ፣ የሚጎረብጥ ከሆነ ኦሪንጉ ተጠቅልሏል፤ አውጡት።

ማዞር ካልኩ አይቀር፣ አቅጣጫም አለ። ሲሊንደሩ ሁለት የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ካለው ኢንጀክተሩ ለሁለት ተከፍሎ የሚረጭ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ርጭት ለአንዱ ቫልቭ። አዙራችሁ ከገጠማችሁት ሁለቱም የማኒፎልዱን ግድግዳ ያርሳሉ፣ የከፈላችሁበት ማሻሻያ ገደል ገባ ማለት ነው። ክሊፑና ሶኬቱ የሚያዩበትን አቅጣጫ ሳትነቅሉ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

አራቱንም ኢንጀክተሮች ከቀዳዳቸው ፊት አሰልፋችሁ ሬይሉን ቀጥ አድርጋችሁ በእጅ ተጫኑ። በብሎን አትሳቡት። ብሎን ኃይለኛ ነው፣ ኦሪንጉ ሲቆረጥ አይነግራችሁም። በእጅ እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ በኋላ ነው ብሎኑ የሚታሰረው።

መፈተሽ

ፊውዙንና ባትሪውን መልሱ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ፤ ፓምፑ በየጊዜው ለሁለት ሰከንድ ያህል ይጮሃል፣ ግፊት ይሞላል። በባትሪ መብራት እያያችሁ በየኢንጀክተሩ ዙሪያ ደረቅ ወረቀት አስነኩ። ወረቀቱ ከረጠበ አታስነሱ።

ሲነሳ መጀመሪያ ላይ ቢያንገጫግጭ አትደንግጡ፣ ሬይሉ ውስጥ አየር አለ። ከሞቀ በኋላ በስካነር የነዳጅ ማስተካከያውን ተመልከቱ፤ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከዜሮ በላይም በታችም እስከ 10 በመቶ ብዙም አያስጨንቅም። የእኔ ትልልቅ ኢንጀክተሮች ሲቀነስ 20 ያሳዩ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ «በቃኝ» እያለ ነው። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ብቻ ሲደመር ከፍ ብሎ ፍጥነት ሲጨመር የሚስተካከል ከሆነ የታችኛው ኦሪንግ አየር እየሳበ መሆኑን ጠርጥሩ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ብርድ እንዳለ፣ ወረቀቱን አንዴ ድገሙት። ሙቀት ላይ ያበጠ ጎማ ያልታየ ክፍተት ሸፍኖ ያድራል፤ ሲበርድ ነው የሚያጋልጠው።