በሁለት አገር መካከል የሚያድግ ልጅ ስለ ማንነቱ ሲጠየቅ

አሜሪካ ተወልዶ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅን ሁለት ጥያቄዎች ይከተሉታል። በትምህርት ቤቱ «ከየት ነህ?» ይሉታል፤ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሲሄድ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል። ለመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚሰጠው መልስ የለውም፤ ሜሪላንድ ቢል «እሱማ ነው፣ መጀመሪያ ግን ከየት ነህ?» ተብሎ እንደገና ይጠየቃል፣ ኢትዮጵያ ቢል ደግሞ ያልኖረበትን አገር አገሬ ብሎ መጥራቱ ያሳስበዋል። ሁለተኛውን ግን ወላጆቹ ካስተማሩት ሳያመነታ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ከዚያ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

በቅድሚያ የስሙን ነገር ያስረዱት። በእኛ ልማድ ልጅ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይጠራል፤ እናቱም ካገባች በኋላ የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች። የአሜሪካ ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ሊኖራቸው ይችላል። ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ልወስደው ሄጄ፣ መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም ከእሱ ስም ጋር ስላልገጠመ ቢሮ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል እንድንጠብቅ ተደረግን። ልጁ ወንበሩ ላይ እግሩን እያወዛወዘ ሲያየኝ ቆየና «እማዬ፣ አንቺ የእኔ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። ያን ዕለት ማታ አንድ ትልቅ ወረቀት አውጥተን በአባቱም በእኔም በኩል እስከ ሰባት ቤት እየቆጠርን ጻፍን፤ ከአራተኛው በላይ ያሉትን እኔም ስለማላውቃቸው ለእናቴ ደውዬ እሷ ስትነግረኝ ልጁ በእጁ እየጻፈ ጨረሰው። ወረቀቱ ዛሬም ማቀዝቀዣችን ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እርስዎም ይህን አያቶች በሕይወት ሳሉ ቢያደርጉት ይመረጣል። ለወንድምና እህት በልደት ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የመጨረሻ ስም ማስመዝገብ፣ አንድ ወላጅ ብቻውን ከልጅ ጋር ሲጓዝም የልደት ምስክር ወረቀቱን ቅጂና የሌላውን ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ብዙ እንግልት ያስቀራል።

ቋንቋን በተመለከተ አብዛኛው ቤት የሚታየው ነገር አንድ ነው፤ ወላጅ በአማርኛ ይናገራል፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ልጁን ዝም የሚያሰኘው ብዙውን ጊዜ ስንፍና ሳይሆን መሳቂያ የመሆን ፍርሃት ነው። አያቱ በስልክ «ደህና ዋልክ የኔ ጌታ?» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይላል፤ እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺንና እርስዎን በአንድ ቃል ስለሚጠቀልል ልዩነቱ አይታየውም። ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው ዘመድ በሳቅ ከፈነዳ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩን አይቀበልም። ስለዚህ ዘመዶችዎን አስቀድመው ይለምኗቸው፤ ማንም ሳይስቅ አያት ራሳቸው «እርስዎስ በለኝ» ብለው ቢያርሙት ይበቃል።

ወላጆች እጅግ የሚሸሹት ሌላ ጉዳይም አለ። ልጁ በአሜሪካ ቅጽ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚለውን ሳጥን ይሞላል፤ መንገድ ላይ የሚያየው ሰውም የሚያውቀው በዚሁ ነው። «እኛ እንደ እነሱ አይደለንም» የሚል ንግግር በቤት ውስጥ ሲሰማ ያደገ ልጅ ከጓደኞቹም ከራሱ መልክም ይጣላል። ይህን አባባል ከቤትዎ እንዲያስወጡ አጥብቄ እለምናለሁ። በምትኩ እውነቱን ይንገሩት፤ በአሜሪካ ምድር በመወለዱ ዜጋ ያደረገው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ በ1868 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ዜግነት እንዳይነፈጉ ነበር። ለአፍሪካውያን ስደተኞች በሩን ያሰፋው የ1965 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግም ከጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ዘመን የተገኘ ነው። ከቺካጎ መጥቶ፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን ለኢትዮጵያ በአብራሪነት ያገለገለውን ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰንንም ስሙን ጠርተው ያውሩለት። የእኔ ልጅ ይህን ታሪክ ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል።

ክረምት ላይ ሲወስዱት ሆቴል ከማሳረፍ ይልቅ የአክስቱ ልጆች ዘንድ ቢሰነብት ጥሩ ነው። «ዳያስፖራ» ብለው እንደሚጠሩት ቀድመው ይንገሩት፤ ብሔሩን የሚጠይቀው ሰው ቢያጋጥመውም የእናቱንና የአባቱን ወገን ሳይደብቅ እንዲናገር ያዘጋጁት።

በመጨረሻ የወረቀቱ ጉዳይ አለ፤ እሱ በጊዜ የተገደበ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ ጥምር ዜግነትን ስለማትፈቅድ፣ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ሁሉ ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ያስችለዋል፤ መምረጥና መመረጥን ግን አይጨምርም። ልጁ 17 ዓመት ሲሞላው ሁለቱን አዋጆች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አብረውት ያንብቡ፤ ከዚያም ውሳኔውን ለእሱ ይተዉለት።