ሐይቅ ዳር ቤት ሲሠራ ርቀቱ ከየት ይለካል?

በአቃቂ ወንዝ ግድብ በተፈጠረው አባ ሳሙኤል ሐይቅ አጠገብ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው፣ መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት ርቀቱን በበጋው ሳይሆን በክረምቱ ውኃ ልክ ማየት ይኖርበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ላይ ጥሎት የሄደው የደረቀ እምቦጭ ከደላላ ቃል ይልቅ ይታመናል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ ሀብትን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል የውኃ ዳርቻን እንዲከልልና በተከለለው ዳርቻ ውስጥ መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ስለዚህ ካርታ መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ በሕንፃ ሕግ የተደነገገውን የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ሊሠራ የታሰበው ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር እንደሚስማማ የሚሰጠውን ማረጋገጫ፣ ንድፍ ከማሠራት አስቀድሞ መጠየቅ፣ የተፈቀደውንም ርቀት በጽሑፍ መያዝ ይገባል። የሚተርፈው መሬት ከጠበበ ቤቱን ወደ መንገዱ ማስጠጋት ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ፤ መንገዱም የራሱ ወሰን አለውና። የመጸዳጃ ጉድጓዱ ግን፣ ብዙዎች ከዓይን እንዲርቅ ብለው እንደሚያደርጉት በሐይቁ ወገን አይቆፈር።