የማረፊያ መንኮራኩር ናሙና ልትሠሩ ነው? ከእግሯ ጀምሩ

ቡድኑ ተሰብስቦ «ጨረቃ ላይ የምታርፍ ነገር እንሥራ» ሲባል ሁሉም የሚሻማው ሞተሩን ነው። ሞተሩ ይቆይ። መጀመሪያ ሦስት ነገር በቁጥር ጻፉ፦ በስንት ፍጥነት መሬት ትነካለች፣ መሬቱ ምን ያህል ያዘነበለ ነው፣ የተሸከመችው ዕቃ ምን ያህል ምት ይችላል? እነዚህ ሳይጻፉ ብረት አይቆረጥም።

ሦስት እግር ቀላል ነው፣ ወጣ ገባ ላይም አይንገዳገድም። ግን ቶሎ ይገለበጣል። ከመሃል እስከ እግሯ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የምትገለበጠው ሁለት እግሮችን በሚያገናኘው መስመር በኩል ነው፤ ያ መስመር ከመሃል የሚርቀው ደግሞ ባለሦስት እግር ከሆነች 20፣ ባለአራት ከሆነች 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ብሆን አራት አደርጋለሁ። ባትሪውንም ወደ ታች አውርዱት።

አሁን ምቱ። በሰከንድ 2 ሜትር እየወረደች በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ካለች የምድርን ስበት 20 እጥፍ ያህል ትቀምሳለች፣ እግሯ 5 ሴንቲ ሜትር ከተጨፈለቀላት ግን ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሰዎችን ጨረቃ ላይ ያሳረፈችው የአፖሎ መንኮራኩር እግር ውስጥ እንደ ማር እንጀራ የተሠራ፣ የሚጨፈለቅ አልሙኒየም የነበረው። ስፕሪንግ ብቻውን አይሆንም፣ መልሶ ያነጥራችኋል።

ይህን ለመፈተሽ ሞተር አያስፈልግም። 20 ሴንቲ ሜትር አንሥታችሁ ልቀቋት፤ መሬት ስትደርስ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ትሆናለች። በሰከንድ 3 ሜትር እንድትደርስ ከፈለጋችሁ 46 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል። ለጥ ያለ ወለል ላይ ብቻ ሞክራችሁ «ሠራ!» እንዳትሉ፤ አሸዋ ላይ፣ ያዘነበለ ጣውላ ላይ፣ አንድ እግሯ ድንጋይ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ጎንም እየገፋችሁ ጣሏት፣ ሁሉንም በስልካችሁ በስሎው ሞሽን ቅረጹት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ወደ ጎን ስትሄድ ይዞ የሚያስቀራት ኃይልም ያንኑ ያህል ያንሳል። እዚህ ለጥቂት የተረፈች እዚያ ትገለበጣለች። የጃፓኗ የጨረቃ መንኮራኩር ስሊም በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ሞተሯ ተበላሽቶባት ወደ ጎን እየሄደች ስላረፈች በአፍንጫዋ ተደፍታ ቀርታለች።

ቀጥሎ ኮዱ። ማርስ ላይ እንድታርፍ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር ማርስ ፖላር ላንደር በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋችው፣ እግሮቿ ሲዘረጉ የተፈጠረውን ንቅናቄ ሴንሰሩ «አርፈናል» ብሎ ስለቆጠረው ሞተሩ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጠፍቶ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ስለዚህ ከእግር የሚመጣ ሲግናል ብቻውን ሞተር እንዳያጠፋ አድርጉ። ከፍታ መለኪያውም ይስማማ፤ እግር ሲዘረጋ የመጣው ሲግናልም ይሰረዝ። ሞተር ሳይገጠም ኮዱን አብሩና እግሯን በእጃችሁ ነቅንቁት። «አርፌያለሁ» ካለች ገና ናት።

ሞተሩ ሲደርስ ለምድር ሙከራ ሮኬት አትፈልጉ፣ የድሮን ሞተርና ፕሮፔለር ይበቃል። ከላይ በገመድ ትታሰር፣ ሰው ሁሉ ይራቅ፣ ማጥፊያውን የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብ፤ እሱ ሌላ ሥራ አይሰጠው፣ ቪዲዮም አይቅረጽ።