ከክሩዝ ምን ይዘን እንመለስ?

ክሩዝ፣ ማለትም በየወደቡ እየቆመ በሚሄድ መርከብ የሚደረግ የመዝናኛ ጉዞ ላይ ዕቃ መግዛት ቀላል ነው። ከባዱ፣ ቤት ከገባ በኋላም የምንወደውን ዕቃ መግዛት ነው። መርከቡ ጠዋት 2 ሰዓት ወደብ ይደርስና ከቀኑ 11 ሰዓት ይነሳል። በዚያ መሃል ይዋኛል፣ ይበላል፣ ከተማ ይታያል፣ ልጆች ይደክማቸዋል፣ ለገበያ የምትተርፈው አንዲት ሰዓት ብቻ ናት። መሳቢያችንን የሚሞላው በዚያች ሰዓት ተጣድፈን የገዛነው ነገር ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የባልቲሞር ወደብ ቅርባችን ስለሆነ አንዳንዴ ከዚያው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከፍሎሪዳ እንሳፈራለን። ስለዚህ የማወራው በደንብ ስለማውቀው ስለ ካሪቢያን ነው።

ከመሳፈራችሁ በፊት የምትሰበስቡትን አንድ ዓይነት ነገር ምረጡ። ፖስትካርድ ሊሆን ይችላል፣ ቅመም፣ ሳንቲም፣ የገና ዛፍ ጌጥ፣ ብቻ ትንሽና በየደሴቱ የሚገኝ ይሁን። እኔ የምሰበስበው ሁለት ነገር ነው፦ ሳንቲምና መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የእንጨት ሥራ። ምን እንደምትፈልጉ አውቃችሁ ስትወርዱ ዓይናችሁ እሱኑ ነው የሚፈልገው፣ የቲሸርት ነጋዴ አያቆማችሁም፣ ገንዘባችሁም ይተርፋል።

የሰው ስጦታን ደግሞ ለብቻ አስቡት። የኛ ሰው ከመንገድ ባዶ እጁን አይመለስም፣ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ የሥራ ባልደረባ አለ። የስጦታውን ብርና የራሳችሁን ብር ካልለያችሁ ለአሥር ሰው ማግኔት ገዝታችሁ ለራሳችሁ ምንም ሳትይዙ ትመለሳላችሁ። በነገራችን ላይ የካቢኑ፣ የመርከቡ መኝታ ክፍል ማለት ነው፣ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ማግኔቶቹን እዚያው ለጥፋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ የየቀኑን ፕሮግራም ወረቀት ለመያዝ ጥሩ ናቸው።

አዲስ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ሳንቲም ነው። ርካሽ ነው፣ ቦታ አይይዝም፣ ደግሞ ከዚያው አገር የመጣ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። የባሃማስ ዶላር ከአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ስለሆነ ዋና ከተማቸው ናሶ ላይ ሁለቱም ይሠራል። ውኃ ገዝታችሁ መልሱን በነሱ ገንዘብ ጠይቁ። 10 ሳንቲሙ ጠርዙ እንደ አበባ ወጣ ገባ እያለ የተቆረጠ ነው፣ ላዩ ላይ ዓሣ አለበት። 15 ሳንቲም የሚባል አራት ማዕዘን ሳንቲምም አላቸው፣ ይኸኛው አበባ ተቀርጾበታል፣ ግን እንደልብ አይገኝም። ባለ 3 ዶላር ኖትም አላቸው፤ ልጆች ሲያዩት ማመን ያቅታቸዋል። ሴንት ሉሲያ፣ ግሬናዳ፣ አንቲጓና ሴንት ኪትስ ደግሞ አንድ የጋራ ገንዘብ ነው ያላቸው፤ 1 የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ይመነዘራል። ነጋዴዎቹ ቱሪስት መሆናችሁን ሲያዩ የአሜሪካን ገንዘብ ነው የሚመልሱላችሁ፣ ስለዚህ መጠየቅ አትፈሩ።

የእጅ ሥራ የምትገዙ ከሆነ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። ይህን የተማርኩት ናሶ ከሚገኘው ስትሮ ማርኬት ከሚባለው የስፌት ሥራ ገበያ ነው። ባሃማስ የሚል የተጠለፈበት የሚያምር ቦርሳ ገዛሁ፣ ቤት ስገባ ከውስጥ ኪሱ ስር የቻይና ምልክት ወጣ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም እዚያው ገበያ ውስጥ በእጃቸው የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያለፍኳቸው። ከዚያ በኋላ ስሄድ መጀመሪያ የምፈልገው ቁጭ ብላ የዘንባባ ቅጠል የምትጎነጉን ሴት ነው። የእናቷን የስፌት ሥራ እያየች ያደገች ሰው ልዩነቱ አይጠፋትም፦ የእጅ ሥራ ጀርባው ላይ የቅጠሉ ጫፍ ተደብቆ የገባበት ይታያል፣ ዙሩም ፍጹም እኩል አይደለም። እዚያው ሠሪዋን ካገኛችሁ ደግሞ ብዙ አትከራከሩ። ትንሽ ማስቀነስ የተለመደ ነው፣ ግን የቀን ሙሉ ሥራዋን በሁለት ዶላር አትጠይቋት።

የጌጥ ድንጋይ ለሚወዱ አንድ ነገር ልበል። መርከቡ ላይ ስለ ገበያ ገለጻ የሚሰጥ ሰው አለ፣ ካርታም ያድላል። ካርታው ላይ ያሉት ሱቆች ብዙውን ጊዜ ለማስታወቂያው የከፈሉ ናቸው። በየወደቡ ታንዛናይት የሚባለውን ሰማያዊ ድንጋይ የሚሸጡበትም ምክንያት ይኸው ንግድ ነው። ታንዛናይት የሚወጣው ግን ከታንዛኒያ፣ ከኪሊማንጃሮ አጠገብ ነው፤ ከኛው ሰፈር የወጣ ድንጋይ ካሪቢያን ድረስ ሄዶ መግዛት የካሪቢያን ማስታወሻ አይሆንም። የቦታውን ድንጋይ ከፈለጋችሁ መርከባችሁ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲቆም ላሪማር ፈልጉ። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ጣል ጣል ይልበታል፣ የሚገኘውም እዚያች አገር ብቻ ነው። አምበርም አላቸው፣ በረጅም ዘመን እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዛፍ ሙጫ ነው። እውነተኛ አምበር ስትይዙት ሞቅ ይላል፣ በደንብ ጨው በበዛበት ውኃ ላይም ይንሳፈፋል፤ መስታወትና ብዙው ፕላስቲክ ግን ይሰምጣል።

ግሬናዳ ከደረሳችሁ ገውዝ ግዙ። ባንዲራቸው ላይ ሳይቀር ያለ ነገር ነው፣ ወጥ ቤታችንም ያውቀዋል፣ ስጦታም ይሆናል። ጃማይካ ላይ ደግሞ ብሉ ማውንቴን ቡና አለ። ፓኬቱ ላይ 100 ፐርሰንት የሚል መኖሩን እዩ፣ ብሌንድ የሚለው ከሌላ ቡና ጋር የተደባለቀ ነው። የተቆላውን አንድ ትንሽ ፓኬት ይበቃል፤ ቤት ስትገቡ በጀበና አፍልታችሁ ከሲዳማ ጋር አስተያዩት።

ስለ ጃማይካ ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ የምወደውን ማስታወሻ ያገኘሁት እዚያ ነው። ኦቾ ሪዮስ የእጅ ሥራ ገበያ ውስጥ አንድ ሽበታም ራስታ አንበሳ ይቀርጻል። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስነግረው ቢላውን አስቀመጠና ተነስቶ ጨበጠኝ። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግስተን ሲያርፉ ልጅ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ሰላም የሚለው በኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። አንበሳውን ገልብጦ በቢላው ጫፍ ሆዱ ላይ እያየ ቀረጸው። የ«ላ»ን ሁለት እግሮች እኩል ስላደረጋቸው «ሰለም» ተብሎ ነው የሚነበበው። እንዲያስተካክለው አልጠየቅኩትም። ገበያ ላይ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ከሠሪው ጋር ማውራት ከቻላችሁ፣ ከአምስት ሱቅ ሩጫ የተሻለ ነገር ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

የዚያኑ ማታ ጻፉት። ትንሽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ወደቡን፣ ከማን እንደገዛችሁ፣ ምን እንዳላችሁ ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡ ወይም ስሩ ላይ ለጥፉት። ነገ እጽፋለሁ ካላችሁ ነገ ሌላ ደሴት ነው፣ ሁሉም ይደባለቃል። ያልተገዛውንም አትጣሉ፦ የካቢን ቁልፍ ካርዱን፣ የፕሮግራም ወረቀቱን፣ የወደቡን ካርታ። ልጆቼ በአንድ ፖስታ አንድ ጉዞ እያደረጉ ያስቀምጣሉ።

አሁን የማይገዛው። የኤሊ ቅርፊት ጌጥ፣ ጥቁር ኮራል፣ የኩባ ሲጋራ፣ ከሄይቲ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ፤ ነጋዴው ችግር የለውም ቢላችሁም አሜሪካ ስትገቡ ይወሰዳል፣ ቅጣትም ሊኖረው ይችላል። ትልቁ ሮዝ ዛጎልም ቁጥጥር ስላለበት ሕጉን ሳታዩ አትያዙ። ወደብ ላይ የገዛችሁትን መጠጥ መርከቡ በር ላይ ተቀብለው ያስቀምጡታል፣ የሚመልሱላችሁ ጉዞው ሲያልቅ ነው። ለጌጥ የተሠራ ቢላም እንደዚያው በር ላይ ይያዛል።

ጉምሩክ ላይ አሜሪካ ነዋሪ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 800 ዶላር ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ከሴንት ቶማስና ከሌሎቹ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ከሆነ እስከ 1,600 ይደርሳል። ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ ያዙ። የእንጨት፣ የቅመምና የምግብ ነገር ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የተናገረ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፣ የደበቀ ግን ይቀጣል።

ሰዓታችሁንም ተጠንቀቁ። የሜክሲኮ ደሴት በሆነችው ኮዙሜል ላይ በአሜሪካ በጋ የከተማው ሰዓት ከምሥራቅ አሜሪካ በአንድ ሰዓት ይለያል፣ ስልካችሁ ራሱን ሲቀይር መርከቡ ግን በራሱ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ከመውረዳችሁ በፊት መርከቡ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቁ።

የመጨረሻው ማታ ሻንጣ ኮሪደር ላይ ይወጣል፣ ሠራተኞች ይሰበስቡታል፣ እስከ ጠዋት አታገኙትም። ሻንጣው ይወረወራል፣ ይደራረባል። የሚሰበረውን ነገር በቆሸሸ ልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙ። አንበሳዬን እኔ በጃኬቴ ኪስ ነው ይዤው የወረድኩት።