ከርነል ስንገነባ ኔትወርክ የሚያሳጡን ስህተቶች

ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሊኑክስ እምብርት፣ ከርነሉን፣ ራሳችን ስንገነባ የሆነ ነገር መጉደሉ አይቀርም። ድምፅ እምቢ ቢል ኢንተርኔት ገብተን መፍትሄ እንፈልጋለን። ብሉቱዝ ቢጠፋም እንደዚያው። የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ከቀረ ግን መፍትሄውን የምናወርድበት መንገድም አብሮ ይዘጋል። ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን አረጋግጡ የምለው ለዚህ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ማራኪም ሆነ ቴዎድሮስ ካምፓስ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ባገለገለ ላፕቶፕ ነው። ኢንተርኔቱ የስልክ ዳታ ነው። የከርነሉ ሶርስ ኮድ ተጨምቆ እንኳ ከ130 ሜጋባይት ይበልጣል። ግንባታው ሳያልቅ መብራት ሊሄድ ይችላል። (ቢሄድ ተስፋ አትቁረጡ። ግንባታውን የሚያካሂደውን ሜክን ደግማችሁ ስታዙት የተሠራውን ትቶ ከቀረው ይቀጥላል።) እዚህ ከተማ አንድ ስህተት የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ጥቅሉንም ይጨርሳል።

ካርዱን በማሽኑ ስም መገመት

“ላፕቶፑ ዴል ነው፤ ካርዱም ኢንቴል ይሆናል” ብሎ የሚጀምር ብዙ ነው። አንድ ዓይነት ሞዴል ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ዋይፋይ ካርድ ይዘው ከፋብሪካ ሊወጡ ይችላሉ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ጥገና ቤት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ፒያሳ ስንት እጅ አልፎ የመጣ ማሽን ውስጥ ምን እንዳለ ከክዳኑ ጽሑፍ አይነበብም።

ማሽኑን ራሱን ጠይቁት። ኔትወርኩ በሚሠራበት ነባር ከርነል ላይ ሳላችሁ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ኤን፣ ኤን እና ኬ ከሚሉት አማራጮች ጋር አስኪዱት። ከካርዱ ስም ጎን በቅንፍ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው አምራቹን ይነግራችኋል፦ 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 10ኢሲ ከሆነ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ከሆነ ብሮድኮም። ሁለተኛው ቺፑን ይነግራችኋል። ከሥሩ ደግሞ አሁን በሥራ ላይ ያለው ድራይቨር ስም ተጽፏል። ያንን ስም ወረቀት ላይ ገልብጡት። ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

አምራቹን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የኢንቴልን ተመልከቱ። ፒሲአይ በሚባለው የድሮ መሰኪያ ላይ የሚሰኩት የጊጋቢት ካርዶች ኢ1000 የተባለውን ድራይቨር ይፈልጋሉ። በፒሲአይ ኤክስፕረስ ከመጡት ብዙዎቹ ኢ1000ኢ ነው የሚፈልጉት። አይ210 እና አይ350 በአይጂቢ ይሠራሉ። አይ225 ደግሞ በአይጂሲ። ስማቸው ስለሚቀራረብ አንዱን ሞልቶ ሌላውን መተው በጣም ቀላል ነው። ሪልቴክ ጋ ደግሞ 8111 እና 8168 የሚባሉት ሁለቱም በአር8169 ነው የሚሠሩት። ቁጥሩ ስላልገጠመ አትደናገሩ። የድሮው ባለ 100 ሜጋቢት 8139 ግን የራሱ ሌላ ድራይቨር አለው።

በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። እዚህ ላይ የዕቃው ስም ጭራሽ አይታመንም። ቲፒ ሊንክ ቲኤል ደብሊውኤን722ኤን የሚባለውን ትንሽ የዋይፋይ አንቴና ብዙ ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያው ቨርዥን ውስጡ የአቴሮስ ቺፕ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቨርዥን ውስጥ ያለው ሪልቴክ ነው። ስሙ ያው ነው፤ ድራይቨሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

አምራቹን መርጦ መመለስ

የከርነሉን አማራጮች በምንመርጥበት ሜኑኮንፊግ ውስጥ ወደ ኢተርኔት (የገመድ ኔትወርክ) ድራይቨሮች ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት የአምራቾች ዝርዝር ነው። ሪልቴክ ዲቫይስስ የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ “ጨረስኩ” ብሎ የሚወጣ ሰው አለ። ያ ምልክት ከርነሉ ላይ ምንም አይጨምርም። ሥራው የሪልቴክ ጥያቄዎችን ማሳየት ወይም መደበቅ ብቻ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሄዶ በርበሬ ተራ መቆም በርበሬ መግዛት አይደለም። ገብታችሁ ራሱን ድራይቨሩን መምረጥ አለባችሁ።

ፍለጋውን ለማሳጠር ስላሽን ተጭናችሁ የድራይቨሩን ስም ጻፉ። የት እንዳለና በምን ላይ ጥገኛ እንደሆነ ያሳያችኋል። ከጎኑ ያለውን ቁጥር ስትጫኑ በቀጥታ እዚያው ይወስዳችኋል።

ፈርምዌር የሚፈልገውን ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ማጣበቅ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይ። አንድን ድራይቨር በሁለት መንገድ ማስገባት ይቻላል። ዋይ ካላችሁት የከርነሉ አካል ይሆናል። ኤም ካላችሁት ለብቻው ፋይል ሆኖ ተቀምጦ ሲያስፈልግ የሚጫን ሞጁል ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች “ዋይ ይሻላል፣ እንዳይጠፋብኝ” ብለው ሁሉንም ዋይ ይሉታል። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ለዋይፋይ ካርድ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው የሚያመጣው።

ምክንያቱ ይኼ ነው። የኢንቴል ዋይፋይ ካርዶችና ሌሎች ብዙ ካርዶች ሲነሱ ፈርምዌር የሚባል፣ የካርዱን የራሱን ፕሮግራም የያዘ ፋይል እንዲጫንባቸው ይፈልጋሉ። ፋይሉ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ ሊብ ውስጥ ባለው የፈርምዌር ማህደር ነው። ዋይ የተባለው ድራይቨር ግን ዲስኩ ገና ሳይከፈት ነው ሥራ የሚጀምረው። ፋይሉን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይተወዋል። የከርነሉ መልእክት ውስጥ ፈርምዌሩ በስህተት ቁጥር ሲቀነስ 2 አልተጫነም የሚል መስመር ታያላችሁ። ሲቀነስ 2 ማለት “እንዲህ ያለ ፋይል የለም” ነው። ሰውየው ማህደሩን ሲያይ ፋይሉ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ግራ ይጋባል። ፋይሉ አለ፤ በዚያች ሰዓት ግን መድረስ አይቻልም ነበር።

መፍትሄው ለዋይፋይ ድራይቨር ኤም ማለት ነው። ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ስለሚጫን ፈርምዌሩን ያገኘዋል። የግድ ዋይ መሆን ካለበት፣ ኤክስትራ ፈርምዌር በሚለው ቦታ የፋይሉን ስም ጽፋችሁ ራሱን ፋይሉን ከከርነሉ ጋር ማሸግ ትችላላችሁ።

ኤም ብላችሁም ያው ስህተት ከመጣ የፋይሉን መጨረሻ ተመልከቱ። አዳዲስ የሊኑክስ ስርጭቶች ፈርምዌሩን ጨምቀው ነው የሚያስቀምጡት። ለምሳሌ ኡቡንቱ 24.04 ዜድስታንዳርድ በተባለው የመጨመቂያ ዘዴ ይጨምቀዋል። የእናንተ ከርነል የተጨመቀ ፈርምዌር እንዲከፍት ካልተፈቀደለት ፋይሉ ፊቱ እያለ አያየውም። ፈርምዌር ሎደር በሚለው ክፍል የመጨመቂያ ድጋፉን አብሩት። ለዜድስታንዳርድ የተሰጠው ድጋፍ ከከርነል 5.19 ጀምሮ አለ።

በገመድ የሚሠራው ኢተርኔት ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል አያስቸግርም። ለዚያም ነው ላፕቶፑ ላይ የኬብል ቀዳዳ ካለ እሱን አስቀድማችሁ አስተካክሉ የምለው።

የኮንፊግ ፋይሉን በእጅ ማረም

ምርጫዎቻችን የሚቀመጡበትን፣ ነጥብ ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል በኤዲተር ከፍቶ አንድ መስመር መጨመር ፈጣን ይመስላል። ግን ድራይቨሩ የሚፈልገው ሌላ አማራጭ ካልበራ፣ ሜክ ሲነሳ መስመራችሁን ዝም ብሎ ያወጣዋል። ስህተት ነው ብሎ አይጮህም። ሌላም አለ። ፋይሉ ውስጥ በመሰላል ምልክት (#) ጀምረው “አልተመረጠም” የሚሉት መስመሮች ተራ ማስታወሻ ይመስላሉ። አይደሉም። የከርነሉ የግንባታ ሥርዓት እንደ ምርጫ ነው የሚያነባቸው። “ለማሳጠር” ተብሎ ከጠፉ የተመለሰው ጥያቄ እንደ አዲስ ይመጣል።

ያልተመለሱትን ጥያቄዎች በነባሪ መልስ የሚሞላውን ኦልድዴፍኮንፊግን አስኪዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የድራይቨራችሁን ስም ፋይሉ ውስጥ ግሬፕ በሚባለው የፍለጋ ትእዛዝ ፈልጉት። ካለ አለ። ከሌለ አሁኑኑ ማወቃችሁ ይሻላል።

አንዳንዴ ዋይ ስትሉት ኤም ብቻ ነው የሚፈቅድላችሁ። አልተበላሸም። የሚመካበት ሌላ ክፍል ራሱ ኤም ተብሎ ነው። ኢ1000ኢ ላይ ይኼ ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፒቲፒ የተባለው የሰዓት ድጋፍ ሞጁል መሆኑ ነው።

ስልኩን ሳይሰኩ ሎካልሞድኮንፊግ ማስኬድ

ሎካልሞድኮንፊግ እንደኛ ላለ ሰው ትልቅ በረከት ነው። ከከርነል 2.6.32 ጀምሮ አለ። አሁን ማሽኑ ላይ የተጫኑትን ሞጁሎች ያያል፤ ያልተጫኑትን ሁሉ ከግንባታው ያወጣል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰዓታት የሚወስደውን ግንባታ በብዙ ያሳጥረዋል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ የሚያየው ያቺን ቅጽበት ብቻ መሆኑ ነው። ያኔ ያልተሰካ ዕቃ ለእሱ የለም። እዚህ ደግሞ ብዙ ሰው ላፕቶፑን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው በስልኩ ነው፣ በዩኤስቢ ገመድ። ወይም በዶንግል። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሎካልሞድኮንፊግ ከተሠራ፣ አዲሱ ከርነል ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ማወቅ ያቆማል። ባትሪውን ይሞላል እንጂ ኢንተርኔት አይሰጥም።

ስለዚህ ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን ሁሉ ሰኩ። ስልኩን ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። ዶንግሉን ሰኩ። የዋይፋይ አንቴናውን ሰኩ። ፍላሹንም አትርሱ። የጓደኛ ስልክም ካለ ሰክታችሁ ንቀሉት፤ ሞጁሉ አንዴ ከተጫነ ዕቃው ቢነቀልም በአብዛኛው ተጭኖ ይቆያል። የተጫኑትን ሞጁሎች ዝርዝር ፋይል ላይ አስቀምጣችሁ በኋላ ለሎካልሞድኮንፊግ መስጠትም ይቻላል።

ከዚያ በኋላም በዓይናችሁ አረጋግጡ። ለአንድሮይድ ስልክ አርኤንዲአይኤስ ሆስት እና ሲዲሲ ኢተር፣ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ላይ ሲዲሲ ኤንሲኤም፣ ለአይፎን አይፒኤችኢቲኤች የሚባሉት ያስፈልጋሉ። ሁሉም የሚገኙት የዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተሮች በሚለው ክፍል ነው። አራቱንም ኤም ብትሏቸው የሚጨምሩት የግንባታ ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሳትጠይቁ ጨምሯቸው።

ድራይቨሩን ይዞ ሌላውን መተው

ካርዱ ይታያል፣ ድራይቨሩ ተጭኗል፣ ግን አይፒ አድራሻ አይመጣም። ከርነሉን በጣም ያሳጠረ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ፓኬት ሶኬት የሚባለው አማራጭ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የተለመዱት ዲኤችሲፒ ፕሮግራሞች አድራሻ ለመጠየቅ እሱን ይጠቀማሉ። ከድራይቨሮቹ ጋር ሳይሆን ኔትወርኪንግ ሰፖርት ውስጥ፣ ከአማራጮቹ መጀመሪያ አካባቢ ታገኙታላችሁ።

የኢንቴል ዋይፋይ ደግሞ ሁለት ምርጫ ይፈልጋል። አይደብሊውኤል ዋይፋይ የሚለው ብቻውን አይሠራም። እንደ 6205 ላሉት የቆዩ ካርዶች ዲቪኤም፣ እንደ 7260 እና 8260 ላሉት ኤምቪኤም የሚለውን ከሥሩ መምረጥ አለባችሁ። የዲስክ ቦታ ካልጨነቃችሁ ሁለቱንም ያዙ።

ሞጁሎቹን ሳይጭኑ ሪስታርት ማድረግ

ሜክ ጨርሶ፣ ከርነሉ ቡት የሚባለው ማህደር ውስጥ ገብቶ፣ ሞጁልስ ኢንስቶል የሚለው ትእዛዝ ይረሳል። ማሽኑ ይነሳል፤ ኤም የተባለ ድራይቨር ግን አንድም የለም። ትእዛዙን ስጡት፣ ከዚያ ቡት ውስጥ ያለው ኢኒትራምኤፍኤስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት የሚጫነው ፋይል፣ መታደሱን እዩ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ደግሞ ሎካል ቨርዥን በሚለው ቦታ ልዩ ቅጥያ ስጡት። የሁለት ግንባታ ሞጁሎች አንድ ማህደር ውስጥ ከተቀላቀሉ ማን የማን እንደሆነ አይለይም።

ሳያነቡ እንደገና መገንባት

ኔትወርክ ከጠፋ ወዲያው ሜኑኮንፊግ አትክፈቱ። መጀመሪያ ኤልኤስፒሲአይ ካርዱን ያያል ወይ? ካላየው ጉዳዩ የሃርድዌር ወይም የባዮስ ነው፤ የኔትወርክ ድራይቨር መጨመር አይመልሰውም። ካየው፣ ከሥሩ በሥራ ላይ ያለ ድራይቨር ተጽፏል ወይ? ካልተጻፈ ድራይቨሩ አልተገነባም ወይም አልተጫነም፤ ሞጁል በሚጭነው ትእዛዝ፣ በሞድፕሮብ፣ በእጅ ሞክሩት። ከተጻፈ አይፒ ሊንክ የሚለው ትእዛዝ የካርዱን ስም ያወጣል ወይ? ካላወጣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ዲሜስጅን ስለ ፈርምዌር አንብቡት። ካወጣ ከርነሉ በአብዛኛው ድርሻውን ተወጥቷል። የሚቀረው የአድራሻ፣ የይለፍ ቃል ወይም በአርኤፍኪል (በዋይፋይ ማጥፊያው) የተዘጋ ዋይፋይ ነው።

ሪልቴክ አር8169 ላይ ዲሜስጅ ፒኤችዋይ ስለሚባለው የካርዱ ክፍል ድራይቨር ካማረረ፣ ሪልቴክ የሚባለው ሌላው ሞጁል ኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። መልእክቱ ራሱ ይኼንኑ ይነግራችኋል። ማንበብ ብቻ ነው።

የድሮውን ከርነል ማጥፋት

የቡት ክፍልፋይ ጠባብ ስለሆነ “ሞልቷል” ሲላችሁ መጀመሪያ የሚታየው የድሮው፣ ትልቁ ከርነል ነው። እሱን አትንኩት። ኔትወርክ ሲጠፋ መመለሻችሁ እሱ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ከሚወጣው የግራብ የከርነሎች ዝርዝር መርጣችሁ ስትነሱ ዋይፋዩ ይሠራል፤ የጎደለውን ታወርዳላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ። ቦታ ካስፈለገ ያልሠሩትን የራሳችሁን ሙከራዎች አጥፉ፤ የእያንዳንዱን የሞጁል ማህደርም ጭምር። ከማጥፋታችሁ በፊት ዩኔም ሰረዝ አር ብላችሁ አሁን የትኛው ላይ እንዳላችሁ እዩ። አዲሱ ከርነል በገመድም፣ በዋይፋይም፣ በስልኩም ኢንተርኔት ገብቶ እስኪያሳያችሁ ድረስ የድሮው ይቆይ።