የታሪክ ዲግሪ ልትጀምሩ ነው? ከመጽሐፉ በፊት ጥያቄ ያዙ

ታሪክ ሊማር የተመዘገበ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ነገር አለ። "ሽምደዳ ላይ ጎበዝ ነህ ማለት ነው" ይሉታል። ክፋት የላቸውም። ሃይስኩል የተማርነው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የዓመተ ምህረትና የነገሥታት ዝርዝር ስለነበር፣ ዩኒቨርሲቲም ያው ዝርዝር በዛ ብሎ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዓመተ ምህረቱን ማወቅ መነሻ ብቻ ነው። ነጥብ የሚያሰጠው ከዚያ ተነስታችሁ የምትጠይቁት ነው። ማን ጻፈው? ለማን ብሎ? በዚያን ጊዜ ምን ፈልጎ? ሌላው ጸሐፊ ያንኑ ነገር ለምን በሌላ መንገድ አየው? እዚህ የምሰጣችሁ ምክር ሁሉ ከአንድ ነገር ነው የሚነሳው፦ ምንም ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄ ይኑራችሁ። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ክርክሩ የት እንዳለ ፈልጉ

የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት እንውሰድ። የኦስትሪያ-ሃንጋሪው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ጁን 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ ላይ ተገደለ። ልክ በወሩ ጁላይ 28 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች፤ ኦገስት 4 ላይ ብሪታንያም ገባችበት። ይሄን ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ ያገኘዋል። የሚያከራክረው "ጥፋቱ የማን ነው?" የሚለው ነው። በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል በአንቀጽ 231 ኃላፊነቱን በጀርመንና በአጋሮቿ ላይ ጣለው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ብዙ ጸሐፊዎች "ኃያላኑ ሁሉ ተያይዘው ነው የገቡበት" ወደሚለው አዘነበሉ። ከዚያ በ1961 ፍሪትዝ ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ የታሪክ ምሁር የገዛ አገሩን የመንግሥት ሰነዶች አገላብጦ፣ ትልቁን ኃላፊነት የሚወስዱት የጀርመን መሪዎች ናቸው ብሎ ተነሳ። አገሩ ውስጥ የተነሳበት ቁጣ ቀላል አልነበረም። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ልብ በሉ፦ የሞተው ሰው ያው ነው፣ ቀኑም ያው ነው። የተለወጠው የተከፈተው ሰነድ፣ የተጠየቀው ጥያቄና ጠያቂው የሚኖርበት ዘመን ነው። ይህን የሚያጠናው ኮርስ ሂስቶሪዮግራፊ ይባላል። ብዙ ተማሪ ደረቅ ነው ብሎ ይሸሸዋል፣ ወይም ግዴታ ስለሆነ ብቻ ይወስደዋል። እኔ ግን ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ በጊዜ ውሰዱት እላለሁ፤ እሱን ከተማራችሁ በኋላ ሌሎቹን ኮርሶች የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

ስለዚህ ማንኛውም ኮርስ ሲጀመር በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሥራ አለባችሁ። በርዕሱ ላይ በተለያየ ጊዜ፣ ቢቻል ብዙ ዓመት ተራርቀው የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት ፈልጉና መግቢያቸውን ብቻ አንብቡ። የቱ ላይ እንደማይስማሙ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ካልገባችሁ መምህሩን ጠይቁ፦ "በዚህ ጉዳይ ላይ እነማን ናቸው የማይስማሙት? ለምን?" ይህን ጥያቄ የማይወድ የታሪክ መምህር የለም ማለት ይቻላል። ሌክቸሩን ከዚያ በኋላ ስትሰሙት ወሬው ሳይሆን ሙግቱ ነው ጆሯችሁ የሚገባው።

ንባቡ ብዙ ነው፣ ግን ሁሉም እኩል አይነበብም

የንባብ ዝርዝሩን ስታዩት ትደነግጡ ይሆናል። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር አንብቦ የሚጨርስ ሰው የለም፣ መምህሩም ይህን ያውቃል። የታሪክ መጽሐፍ እንደ ልቦለድ ከገጽ 1 ተነስቶ አይነበብም። መጀመሪያ ማውጫውን እዩ፣ ከዚያ መግቢያውን፣ ከዚያ ዘልላችሁ መደምደሚያውን። ጸሐፊው ምን ሊያሳምናችሁ እንደፈለገ ይገባችኋል። ቀጥሎ የየምዕራፉን መጀመሪያና መጨረሻ አንቀጽ አንብቡ። ጥያቄያችሁን የሚመለከተውን ምዕራፍ ብቻ ጊዜ ሰጥታችሁ በጥንቃቄ ትገቡበታላችሁ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ የሙያው አነባበብ ነው።

ሃይላይተር ላይ ብዙ እምነት የለኝም። ገጹን በሙሉ ቢጫ ያደረገ ሰው የሠራ ይመስለዋል እንጂ ምንም አልመረጠም። የሚሻለው መጽሐፉን ከድናችሁ በራሳችሁ ቃል አራት አምስት መስመር መጻፍ ነው፦ ጸሐፊው ምን ይላል፣ ማስረጃው ምንድን ነው፣ ማንን እየተቃወመ ነው፣ እኔን ያላሳመነኝ የቱ ጋ ነው። ከእያንዳንዷ ማስታወሻ ጎን ደግሞ የገጽ ቁጥር ይኑር። ቃል በቃል የገለበጣችሁትን በትምህርተ ጥቅስ እዚያው በዚያው ዝጉት። ከወራት በኋላ ደብተራችሁን ስትከፍቱ የእናንተ ቃል የቱ እንደሆነ፣ የጸሐፊው የቱ እንደሆነ ካልለያችሁ፣ ሳታስቡት የሰው ጽሑፍ ሰርቃችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ።

የግርጌ ማስታወሻ አትዝለሉ። ቀጣዩ ምንጫችሁ ያለው እዚያ ነው። አንድ ሰነድ በሦስት መጻሕፍት ግርጌ ላይ እየተመላለሰ ከታየ ክርክሩ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሎች ስለ እሱ ያሉትን ከማንበብ ሰነዱን ራሱን ፈልጋችሁ ማየት ይሻላል።

ምንጭን መጠየቅ

የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭና ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ የሚባል ነገር ያስተምሯችኋል። አንዱ በጊዜው የነበረ፣ ሌላው በኋላ የተጻፈ። ትርጉሙ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ምንጩን የሚለየው የእናንተ ጥያቄ ነው። በ1930ዎቹ ለትምህርት ቤት የታተመ የፈረንሳይ አብዮት መጽሐፍ ስለ አብዮቱ ከሆነ ጥያቄያችሁ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ጥያቄያችሁ "የ1930ዎቹ ልጆች ስለ አብዮት ምን ተማሩ?" ከሆነ ግን ያው መጽሐፍ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ሆነ።

ሰነድ ሲያገኙ የመጀመሪያው ጥርጣሬ እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የምዕራቡን የሮም ግዛት ለሮም ጳጳስ ሰጠ የሚል ሰነድ ለብዙ መቶ ዓመታት የሥልጣን ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። በ1440 ሎሬንዞ ቫላ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ የተጻፈበት ላቲን የ4ኛው ክፍለ ዘመን ላቲን ሊሆን እንደማይችል አሳየ። በ1983 ደግሞ ሽተርን የተባለው የጀርመን መጽሔት የሂትለር ማስታወሻ ደብተሮች ተገኙ ብሎ ማተም ሲጀምር፣ ምርመራው ወረቀቱ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ኬሚካል እንዳለበት አረጋገጠ። ሁለቱን ጉዳዮች ዘመናት ቢለያዩአቸውም የተጠየቀው ያው ነው፦ ይሄ ነገር በተባለበት ጊዜ ሊኖር ይችል ነበር?

እውነቱን ለመናገር ግን ሐሰተኛ ሰነድ የሚገጥማችሁ ከስንት አንዴ ነው። ብዙ ጊዜ ሰነዱ እውነተኛ ሆኖ፣ ጸሐፊው የራሱ ጉዳይ ያለው ሰው ይሆናል። እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ዣክ ፉርኒዬ ነው። ይህ ጳጳስ ከ1318 እስከ 1325 ድረስ በደቡብ ፈረንሳይ መናፍቃንን እየጠራ መረመረ፣ በኋላም የሮም ጳጳስ ሆነ። መዝገቡ የተያዘው ኑፋቄን ለማደን ነው። የተጠየቁት ገበሬዎችና እረኞች ግን ሲናገሩ ስለ በጎቻቸው፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ጎረቤት ጠብና ሐሜት ሁሉ አወሩ። መጻፍ የማይችሉ፣ ከራሳቸው እጅ አንድ መስመር ያላስቀሩ ሰዎች ሕይወት ዛሬ የሚነበበው ሊቀጣቸው በመጣ ሰው መዝገብ ውስጥ ነው። መዝገቡን እንዲህ ማንበብ ትችላላችሁ፣ የተናገሩት ፈርተው መሆኑን ግን ለአንድ ገጽም አትርሱ። ፍርድ ቤት፣ ግብር ሰብሳቢ፣ ፖሊስ የያዘው መዝገብ ሁሉ እንዲህ ሁለት ጊዜ ይነበባል፦ አንዴ ለተጻፈበት ዓላማ፣ አንዴ ሳያስበው ላስቀረው ነገር።

ቀን ስታዩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ። የሩሲያ የጥቅምት አብዮት በጎርጎርዮሳዊው (በአውሮፓውያኑ) ካላንደር ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ነው፤ ሩሲያ ያን ጊዜ የምትጠቀምበት ካላንደር ግን ኦክቶበር 25 ይል ነበር። የአድዋ ድልም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ሲባልና በአውሮፓውያን ማርች 1 ቀን 1896 ሲባል አንድ ቀን ነው። ሁለት ምንጮች የተጋጩ ሲመስላችሁ አንዳንዴ የተለያየው ካላንደሩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በሕይወት ያሉ ሰዎችን የምትጠይቁ ከሆነ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሳትቀርጹ አትመለሱ፣ መልሱን ጥያቄው ውስጥ አታስቀምጡ። "ያኔ በጣም ከባድ ነበር አይደል?" ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው "አዎ" ነው።

ጽሑፉ ላይ

የታሪክ ተማሪ የሚመዘነው በአብዛኛው በጽሑፉ ነው። አሳይመንቱ "ምክንያቱ ምን ያህል ኢኮኖሚያዊ ነበር?" ካለ፣ መልሱ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ አይደለም። መልሳችሁን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቁልጭ አድርጋችሁ ተናገሩ። እያንዳንዱን አንቀጽ በቀን ሳይሆን በሐሳብ ጀምሩ። "ከዚያም በ1848..." እያላችሁ ከቀጠላችሁ ትረካ ውስጥ ገብታችኋል ማለት ነው፣ ተመለሱ። ከእናንተ የማይስማማውን ጠንካራ ምሁር ራሳችሁ አምጡትና መልሱለት።

አንዳንድ ቃላት ላይ ቆም በሉ። "ሕዝቡ ተቆጣ" ስትሉ የትኛው ሕዝብ? ገበሬው? ነጋዴው? የአንድ ከተማ ሰው? በምን አወቃችሁ? "ሁሌም"፣ "ማንም"፣ "በዚያ ዘመን ሰዎች" የሚሉትን አንድ በአንድ ፈልጉና ማስረጃ አላቸው ወይ ብላችሁ ፈትኑ። ከሌላቸው አጥፏቸው፣ ጽሑፉ ወዲያው ይጠራል።

ኤአይ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፦ የሌለ መጽሐፍና የሌለ ገጽ ፈጥሮ በሙሉ እምነት ሊሰጣችሁ ይችላል። ከፍታችሁ ያላያችሁትን ምንጭ ግርጌ ላይ አታስቀምጡ። በቃ።

የመመረቂያ ጽሑፍ

እዚህ ላይ ጥያቄ መያዝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይታያል። "የአትላንቲክ የባሪያ ንግድ ታሪክ" ርዕስ አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። አጥብቡት። በ1781 ዞንግ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ላይ የነበሩ ባሕረኞች ከ130 የሚበልጡ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንን ባሕር ውስጥ ጣሉ፤ የመርከቧ ባለቤቶች ደግሞ የኢንሹራንስ ካሳ ጠየቁ። በ1783 ጉዳዩ ለንደን ፍርድ ቤት ቀረበ፣ እንደ ግድያ ሳይሆን እንደ ንብረት ክርክር። ከዚህ ውስጥ "የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ሰዎች ይህን ክስ በቀጣዮቹ ዓመታት እንዴት ተጠቀሙበት?" የሚል ጥያቄ ቢወጣ ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ተዋናዮች አሉት፣ ሰነድ አለው። በአንድ ዓመት ይሠራል።

ርዕሱን ከመውደዳችሁ በፊት ግን ምንጩ መኖሩን፣ እናንተ ልትደርሱበት መቻላችሁንና በምታነቡት ቋንቋ መጻፉን አጣሩ። ቋንቋ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከአንደኛ ዓመት ጀምሩት፤ አራተኛ ዓመት ላይ ተጀምሮ አይደርስም። ቤተ መዛግብት ከመሄዳችሁ በፊት ካታሎጉን እዩና ቀድማችሁ ጻፉላቸው። ብዙ ቦታ እስክሪብቶ ስለማይፈቀድ እርሳስ ያዙ። ያያችሁትን እያንዳንዱን ወረቀት የፋይል ቁጥር እዚያው መዝግቡ፤ ፎቶ ካነሳችሁም ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ይግባ። መዝገብ ቤቱን የሚይዙትን ሰዎች ሰላም በሉ፣ የምትፈልጉትን በግልጽ ንገሯቸው። ካታሎጉ የማያውቀውን እነሱ ያውቃሉ። ኢንተርኔት ላይ የተጫኑ የድሮ ጋዜጦች ግሩም ናቸው፣ ግን ፈልጋችሁ ያጣችሁት ነገር አልነበረም ማለት አይደለም፤ ስካን ያልተደረገ ወይም ኮምፒውተሩ ፊደሉን ያላወቀው ሊሆን ይችላል።

"ምን ያደርግላችኋል?"

ይህ ጥያቄ አይቀርም፣ በግልጽ መመለስም አለበት። ታሪክ እንደ ነርሲንግ ወይም እንደ አካውንቲንግ ስሙ የታወቀ አንድ ሥራ በር ላይ አያደርሳችሁም። ያን የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ዲፓርትመንት ብትመርጡ አልቀየማችሁም። የሚሰጣችሁ እርስ በርሱ የሚጋጭ የወረቀት ክምር ተቀብላችሁ፣ የሚታመነውን ለይታችሁ፣ በጊዜ ገደብ በአምስት ገጽ የማስረዳት ችሎታ ነው። ማስተማር፣ ጋዜጠኝነት፣ ሕግ፣ ዲፕሎማሲ፣ ሙዚየም፣ መዝገብ ቤት፣ ምርምር ሁሉም ይህን ይፈልጋሉ። ግን ቀጣሪው ከዲግሪው ስም ብቻ አይገምተውም፣ ማሳየት አለባችሁ። ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ ሙዚየም ወይም መዝገብ ቤት በበጎ ፈቃድ አገልግሉ። ስታቲስቲክስ ወይም ዳታቤዝ አንድ ኮርስ ጨምሩ። በየሴሚስተሩ ከጻፋችሁት ውስጥ ምርጡን መምህሩ በሰጠው አስተያየት መሠረት አስተካክሉና ለብቻው አስቀምጡት፤ ለማስተርስም ሆነ ለሥራ ስታመለክቱ "የጽሑፍ ናሙና አያይዙ" የሚሉ ብዙ ናቸው።