መኪናዎን ለዲለር ሰርቪስ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የብዙ ወገኖቻችን እንጀራ መሪ ላይ ነው። መኪናው አንድ ቀን ከቆመ ገቢውም ይቆማል። ስለዚህ «ውድ ቢሆንም የታመነ ነው» ተብሎ ወደ ዲለር፣ ማለትም የአምራቹን መኪና ወደሚሸጥና ወደሚጠግን ድርጅት፣ ይኬዳል። ዲለርም ግን ብሎን ሳያጠብቅ የሚያስረክብበት ቀን አለ። ጥፋቱ የእነሱ ሆኖ ሳለ በክርክሩ የምንሸነፈው እኛ የምንሆነው ማስረጃ ስለማንይዝ ነው።

«ድምፅ አለው» ብሎ ቁልፍ ሰጥቶ መሄድ

መኪናውን የሚቀበልዎት ሰርቪስ አድቫይዘር መካኒክ አይደለም። ሥራው የነገሩትን መዝግቦ ወደ ውስጥ ማስተላለፍና አገልግሎት መሸጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሽያጩ ኮሚሽን አለው። ውስጥ ያለው መካኒክ ደግሞ በብዙ ዲለሮች የሚከፈለው በሠራበት ሰዓት ሳይሆን ለሥራው በተመደበው ሰዓት ነው። የሁለት ሰዓቱን ሥራ በአንድ ሰዓት ቢጨርስም የሁለት ሰዓት ያገኛል። ለዋራንቲ (በአምራቹ ዋስትና በነፃ ለሚሠራ) ሥራ የሚመደበው ሰዓት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው። እንዲህ የሚጣደፍ ሰው «ድምፅ አለው» የሚል ወረቀት ሲደርሰው አንድ ጊዜ ዞር ብሎ «ችግሩ አልታየም» ብሎ ቢመልሰው አይገርምም።

«ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ወደ ግራ ሳዞር፣ በፊት ቀኝ ጎማ በኩል ይንኳኳል» ብለው ይንገሩት። እንደተናገሩት መጻፉን ሳያነቡ አይፈርሙ። መካኒኩ አብሮዎት ተሳፍሮ ድምፁን እንዲሰማ መጠየቅም ይችላሉ።

ሳይፈትሹ ከግቢው መውጣት

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ሰውዬው ፊት ኮፈን መክፈት «አላመንኩህም» ማለት ይመስለናል። ይክፈቱት። የዘይት መክደኛው ቦታው ላይ መሆኑን ይዩ፤ መለኪያውን መዘው ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት ደቂቃ ያቆዩትና ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ።

ለምን ከሥር? በዘይት ቅየራ ጊዜ የሚሠራ አንድ የታወቀ ስህተት ስላለ ነው። የአሮጌው ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ መካኒኩ ሳያየው አዲሱን ፊልትሮ በላዩ ያጠብቃል። ሁለት ቀለበት ተደራርቦ በደንብ አይገጥምም። መጀመሪያ ደህና ይመስላል፤ የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን ቀለበቱ ይንሸራተትና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ሊፈስ ይችላል። መንገድ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ «ቤት ልድረስና» አይባልም። ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፣ ፎቶ ያንሱ፣ በቶው ትራክ ያስጎትቱ፤ የማስጎተቻውንም ደረሰኝ ይያዙ። መብራቱን እያዩ ነድተው ሞተሩ ከተቃጠለ ዲለሩ የሚይዘው ነጥብ አገኘ ማለት ነው።

ጎማ ተፈትቶ ከነበረ ብሎኖቹ መሙላታቸውን ይዩ፤ ከ50 እስከ 100 ማይል ከነዱ በኋላም እንደገና እንዲጠብቁ ያድርጉ። ሲሰጡም ሲቀበሉም የመኪናውን ዙሪያና ዳሽቦርዱን ከነማይሉ በስልክ ይቅረጹ። «ጭረቱ ድሮም ነበር» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ተናዶ ሌላ ጋራዥ ማስፈታት

«ዳግመኛ ደጃቸውን አልረግጥም» ብሎ ወደሚያውቁት የኛ ሰው ጋራዥ መሮጥ ያለ ነው። ንዴቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሌላ እጅ ከነካው በኋላ ዲለሩ «ያበላሸው እሱ ነው» ይላል። ሌላ መካኒክ ያሳዩት እንጂ አያስነኩት፤ ያየውንም በፎቶና በጽሑፍ ይስጥዎት። ያንን ይዘው ለሰርቪስ ማናጀሩ በኢሜይል ይጻፉና እንዲያስተካክል ዕድል ይስጡት። እምቢ ካለ ለዲለሩ ዋና ማናጀር፣ ቀጥሎ ለአምራቹ ኩባንያ የደንበኞች መስመር ያመልክቱ። በነገራችን ላይ ከሰርቪስ በኋላ ለሚላክ መጠይቅ «እባክህ አሥር ስጠኝ» ሲባሉ በይሉኝታ አይስጡ። ያ ነጥብ ብዙ ጊዜ ከቦነሳቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ዋራንቲው ይሰረዛል ብሎ መፍራት

ዘይት ሌላ ቦታ ስላስቀየሩ ብቻ ዋራንቲዎ አይሰረዝም፤ በ1975 የወጣው ማግነሰን ሞስ የተባለው የአሜሪካ የዋራንቲ ሕግ ይህን ይከለክላል። ቀኑንና ማይሉን የሚያሳይ ደረሰኝ ግን አይጣሉ።

«አልከፍልም» ብሎ መሟገት

በብዙ ስቴቶች ሒሳብ እስኪከፈለው ድረስ ጋራዡ መኪናውን ይዞ ማቆየት ይችላል። መኪናው እንጀራዎ ከሆነ ይህ የሚጎዳው እርስዎን ነው። ደረሰኙ ላይ ተቃውሞዎን ጽፈው በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ። በዴቢት ከከፈሉ ገንዘቡ ከባንክዎ ወጥቷል፤ በክሬዲት ከሆነ ግን ክፍያውን በካርድ ኩባንያው በኩል መከራከር ይቀላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ አነስተኛ የገንዘብ ክሶችን የሚያየው ስሞል ክሌይምስ ፍርድ ቤት አለ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር፣ በዲሲ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ያለ ጠበቃ መክሰስ ይቻላል። የፈረሙበትን ወረቀት፣ ቪዲዮውንና ኢሜይሎቹን አትመው በቀን ቅደም ተከተል ይያዙ። የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉም ክሱን ሲያስገቡ ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ይንገሩ፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለማስተርጎም አይውሰዱ።